ለፍትሕ ሲባል ሰባት ጊዜ ይንኳኳል

ፍትሕ ከሰማይ ትወርዳለች ሲባል የሰማ ብዙ ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ግን ደረጃ ወጥታ ነው የመጣችው፤ ያውም ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ያውም ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ፣ የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ ድረስ። ቀኑ ዓርብ ነበር። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ሙከየፍ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ሙቀቱም ሰው ለሰው የሚተዛዘንበት አልነበረም። ታላላቅ ሐሳቦች የሚወለዱት መቼም እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

በዚያ ቀን ለዓለም የተበረከተው ስጦታ ሙሉ ስሙ «ሁለት የማስፈራሪያ ጨዋታ ደንቦችን በፍትሐዊነት የሚያነጻጽር ጊዜያዊ ኮሚቴ» ይባላል። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ማንንም አያሳስት። በማኅበሩ ውስጥ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሁሉ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ጊዜያዊው የሽንት ቤት በር ራሱ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል።

ኮሚቴውን በገዛ እጇ ማመልከቻ ጽፋ የወለደችው ናርዶስ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ ወረቀት የሚተየብበትና ፎቶኮፒ የሚነሳበት ቤት ትሠራለች። ናርዶስ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ዩኒቨርሲቲው ነው እየመጣ እሷ ዘንድ ኮፒ የሚያስነሳው። የተበላሹትን ገጾች አሠሪዋ እንድትጥል ያዟታል፤ እሷ ግን ቤቷ ወስዳ ታነባቸዋለች። እንግሊዝኛን የተማረችው ከእነዚህ ገጾች ስለሆነ የአንዳንዱን ነገር ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ያንን ግማሽ ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች።

ከተበላሹት መካከል አንድ ቀን አሥራ ስምንት ገጽ የሆነ የጨዋታ ደንብ አገኘች። ስሙ «ጠጠር» ነው። አንድ ሰው ተራኪ ሆኖ የሚያስፈራ ታሪክ ይጀምራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ሆነው «በሩን እከፍታለሁ»፣ «እሮጣለሁ» ይላሉ። አደገኛ ነገር ባደረጉ ቁጥር ሠላሳ ጠጠር ካለበት ከረጢት ሳያዩ አንድ ያወጣሉ። ሃያ ዘጠኙ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው። የወጣው አይመለስም። ጥቁሩ የወጣለት ሰው ዘንድ፣ ያ በታሪኩ ውስጥ ያለው ነገር ይመጣል። ይኸው ነው ደንቡ፤ የቀረው የተራኪው ምላስ ነው፤ የናርዶስን ምላስ ደግሞ ከሱቅ ዐረቢ እስከ ሐጅ ዩሱፍ የማያውቀው የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ አዳራሹ የእሷ ነበር። ወጣቱ ይሰበሰባል፤ እሷ ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ የአዳራሹ ቁልፍ በቀይ ክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። በካርቱም ከሚገኘው ነገር ሁሉ የእኔ የምትለው ያንን ወንበርና ያንን ቁልፍ ብቻ ነበር።

ማዚን እስኪመጣ።

የማዚን እናት ጎንደሬ፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ «ምድር ቤት» የሚባል የማስፈራሪያ ጨዋታ መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ እስከ መቶ የሚቆጥር ባለ ብዙ ፊት ዳይስ ያለው። በዚህ መጽሐፍ ሰው ዞር ብሎ ኋላውን ለማየት ሁለት ጊዜ ዳይስ ይጥላል፤ ከዚያ «የመርበትበት ሰንጠረዥ» ይታያል። ስድሳ አራት ከወጣ ቀኝ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ስድሳ አምስት ከወጣ ግራ።

«ያ ናርዶስ፣ የእኔ ኪታብ ኒዛም፣ ሥርዓት አለው» አላት ማዚን በዚያ በሁለት አገር አማርኛው። «ያንቺ ጠጠር ነው፣ በስ። ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ።»

«ሰው ሊፈራ ሲል ገጽ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስትን ፈልግ ትለዋለህ! ፍርሃቱ እስኪገኝ ሰውየው አርጅቶ ይሞታል።»

«ኸላስ፤ ይወዳደሩ። በፍትሕ።»

«በፍትሕ!» አለች ናርዶስ። ያኔ ፍትሕን ገና በስም ብቻ ነበር የምታውቃት። ከእነዚያ ከግማሽ ገጾች አንዱ ላይ ደንብን ከደንብ ጋር ማነጻጸር እንዴት እንደሚቻል አንብባ ነበር፤ አንድ ዓይነት ታሪክ፣ አንድ ዓይነት ተጫዋች፣ አንድ ዓይነት ጊዜ። የማነጻጸሩን ሥራ ለማን መስጠት እንደማይገባ የሚናገረው ግማሽ ግን ተቆርጦ ነበር። እናም ለማኅበሩ አመለከተች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ዘማርያም ሆኑ። በሃያ ስምንት የካርቱም ዓመታቸው ስድሳ ሁለት ባልና ሚስት፣ አራት የንግድ ሸሪኮች፣ አንድ ጊዜም አንድን ሰውዬ ከጎረቤቱ ፍየል ጋር ያስታረቁ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። አባላቱ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጋሽ በላይነህና፣ ከሴቶች ወገን የተወከሉት እትዬ ምንዳዬ ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የናርዶስን ቁልፍ ከአንገቷ ማስወለቅ ነበር።

«ለፍትሕ ሲባል» አሉ ጋሽ ዘማርያም፣ ክሩን ራሳቸው አንገት ላይ እያጠለቁ። ቀጥሎም አንቀጽ አንድን አወጡ፤ «ቁልፍ ያዥ የሆነ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ በሩን ሳይቆልፍ አይሄድም።» አንቀጽ ሁለት ወደፊት ይወጣል ተባለ።

ሁለቱ መጻሕፍት ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚህ ላይ የኮሚቴውን ጥልቀት ማድነቅ ተገቢ ነው። ሌላ አገር ያለ ሞኝ ኮሚቴ ቢሆን መጻሕፍቱን ገልጦ ያነብ ነበር። ጋሽ ዘማርያም ግን ከልምዳቸው ያውቃሉ፤ ሁለት ወገን ፊታቸው ከቀረበ ጠብ አለ ማለት ነው፤ ጠብ ካለ ደግሞ እርቅ አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ወፍራሙ መጽሐፍ ዞሩ።

«አንተ ታላቅ ነህ። አራት መቶ ምናምን ገጽ ተሸክመህ ከአሥራ ስምንት ገጽ ጋር እልህ መጋባት አያምርብህም። ቻል!» ወደ ቀጭኑ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ታናሽ ነሽ። ይቅርታ ጠይቂው።»

«ጋሼ፣ ወረቀት'ኮ ነው!» አለች ናርዶስ።

«ወረቀትም ቢሆን ታላቅ አለው።»

«ቆይ፣ የእኔ ለምንድን ነው ሴት የሆነችው?»

«ቀጭን ናታ።»

እትዬ ምንዳዬ ሰፊ ወገባቸውን ወንበሩ ላይ አመቻቹና «ዘማርያም፣ እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ?» አሉ። ይህ አስተያየት በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም።

ጋሽ በላይነህ ሁለቱን መጻሕፍት አንስተው ሽፋን ለሽፋን ሦስት ጊዜ አሳሳሟቸው። ማዚን ወፍራሙን ወክሎ ዋስ ጠራ፤ ናርዶስ ግን ብድግ አለች።

«እኔ አነጻጽሩልን ነው ያልኩት፤ አስታርቁን አላልኩም! የትኛው ያስፈራል? ጥያቄው ይሄ ነው። አስፈሪው ቁልፉን ይውሰድ።»

«ልጄ፣ አሸናፊ ካለ ተሸናፊ ይኖራል» አሉ ጋሽ ዘማርያም በሐዘን። «ተሸናፊ ካለ ቅሬታ አለ። ቅሬታ ካለ ደግሞ እርቅ…»

«ጋሼ!»

እሺ ተባለ። ለፍትሕ ሲባል ሁለቱም ደንቦች በተግባር ይፈተናሉ። የሚፈሩትም ወጣቶቹ አይሆኑም፤ ወጣት ያዳላል። የሚፈሩት ራሳቸው የኮሚቴው አባላት ናቸው። ታሪኩ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ የተዘጋ ወፍጮ ቤት አለ፤ በውስጡ ሰውን በስሙ የሚጠራ ነገር አለ። ናርዶስ የጻፈችው ነው። ስትጽፈው ራሷ ፈርታ መብራት አብርታ ነው የጨረሰችው።

በሳምንቱ ናርዶስ ጀመረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወፍጮው ቆሟል። ዱቄቱ ላይ የእግር ዱካ አለ፤ የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም። ከድንጋዩ ሥር ድምፅ ይጠራል። በላይነህ… በላይነህ…»

«ማን ልበል?» አሉ ጋሽ በላይነህ።

ናርዶስ ትንፋሿን ሳበች። «መልስ የለም። ይወጣል። ፊት የለውም። ፊቱ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ባዶ ነው።»

«ውይ! ታዲያ ኢቃማው ላይ የማንን ፎቶ ለጠፉለት?» አሉ እትዬ ምንዳዬ ከልባቸው አዝነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ያን ሳምንት አራት ቀን ተሰልፈዋል።

ጋሽ ዘማርያም እጃቸውን አነሱ። «አንተ ፍጡር፣ እዚህ ከኖርክ ጎረቤት ነህ። ማን በደለህ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ተቀመጥና ተናገር።»

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፊት የሌለው ፍጡር ከወፍጮው ባለቤት ጋር ታረቀ፤ ዳግመኛ ሰው በስም ላይጠራም ዋስ ጠራ። ዋሱ ጋሽ በላይነህ ናቸው።

የማዚን ተራ ከዚህ ብዙ አልተለየም። ዳይስ ተጣለ፤ ስድሳ አራት ወጣ፤ ማዚን ሰንጠረዡን በጣቱ ተከትሎ «ያ ኻላ፣ ቀኝ ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል» ሲል እትዬ ምንዳዬ «እሱማ ከድሮም ነው፣ ሪህ ነው» አሉት። መጽሐፉ ስለ ሪህ የሚለው ነገር አልነበረውም።

ጋሽ በላይነህ ቃለ ጉባኤውን እንዲህ ብለው ዘጉ፤ «ሁለቱም ደንቦች በእኩል ደረጃ አላስፈሩም። ፍትሕ ሰፍኗል።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ፍትሕም ባረፈች፣ ናርዶስም ባረፈች። ነገር ግን የማዚን እህት ወላእ ነርስ ናት፤ የደም ግፊት መለኪያም አላት። «ልሳን ይዋሻል፤ ክንድ አይዋሽም» አለ ማዚን፣ መለኪያውን ተውሶ እያመጣ። መለኪያው ለማዕረጉ በሚገባ ክንድ ላይ፣ በጋሽ ዘማርያም ክንድ ላይ ታሰረ። የማዚን ተራ ቀደመ።

አርባ ደቂቃ ሆነ። ዳይሱ ሃያ ስድስት ጊዜ ተጣለ። ማዚን ገጽ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስትን እየፈለገ ነው፤ ጋሽ ዘማርያም በቀስታ ያንኮራፋሉ። ያን ጊዜ በሩ ተደበደበ፤ ሰባት ጊዜ፣ በጡጫ።

«ኢፍታህ! ኢፍታህ አል ባብ!»

ካርቱም ውስጥ በር እንዲህ የሚደበድብ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሻ። ከሻ ማለት ፖሊስ መኪና ይዞ እየዞረ ኢቃማ የሌለውን ሰው ሲያፍስ ነው። ኢቃማ ያለውም ቢሆን «ቤት ረሳሁት» ከማለቱ በፊት መኪናው ላይ ራሱን ያገኘዋል። በወጣትነታቸው ከመተማ ተነስተው ጅብ እያጀባቸው በእግራቸው የገቡት ጋሽ በላይነህ ጠረጴዛ ሥር ነበሩ። እትዬ ምንዳዬ የብርጭቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ሁለመናቸው ግን አልነበረም። ጋሽ ዘማርያም ከመለኪያው ጋር ታስረው የትም መሄድ ስላልቻሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአንድ ወር ኢቃማ የቀራት ናርዶስ ብቻ ነበረች ሄዳ የከፈተችው።

የሕንፃው ዘበኛ ዐም ፈድል ናቸው፤ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። «በርሚሉ ሞልቶ ውሃው ደረጃውን አጥለቀለቀው! መቆጣጠሪያውን የዘጋው የለም?» ወደ ውስጥ አዩ። «ሰውየው ለምን ጠረጴዛ ሥር ናቸው?»

«ስብሰባ ላይ ነን» አሉ ጋሽ በላይነህ ከዚያው ሆነው።

መለኪያው መቶ ዘጠናን አሳየ። ተመዘገበ። ለ«ምድር ቤት»።

«ምን?» አለች ናርዶስ። «መጽሐፉ ነው ያስፈራችሁ ወይስ ዐም ፈድል?»

«ዐም ፈድል የመጡት በማን ተራ ነው?» አሉ ጋሽ በላይነህ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

«እንዴ! እሱማ በማዚን…»

«በቃ።»

ፊቷ ሲቀላ ያዩት ጋሽ ዘማርያም ግን አዘኑላት። «አይዞሽ ልጄ፣ አናዳላም። ባንቺም ተራ ይንኳኳል። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ቃል፣ ሰባት ጊዜ።» ዐም ፈድል ተጠርተው ልምምድ አደረጉ። አምስት ላይ ሲያቆሙ ይታረማሉ፤ በግራ እጅ ሲመቱ ይታረማሉ። ሽማግሌው በሰባኛ ዓመታቸው በር ማንኳኳት እየተማሩ፣ ናርዶስን በትዝብት አዩአት። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እናንተ ሐበሾች ደህና ናችሁ?»

«ፍትሕ ነው ዐም ፈድል።»

«አላህ ይማራችሁ።»

የናርዶስ ተራ ደረሰ። በተባለው ሰዓት፣ በተባለው እጅ፣ ሰባት ጊዜ ተንኳኳ። እትዬ ምንዳዬ «ግባ ፈድል፣ ክፍት ነው» አሉ። ጋሽ ዘማርያም ጭንቅላታቸውን በእርካታ ነቀነቁ። መለኪያው መቶ ሃያ በሰማንያ አለ፤ ደማቸው ከዓመታት ወዲህ እንዲህ ተስተካክሎ አያውቅም። «ምድር ቤት» መቶ ዘጠና፣ «ጠጠር» መቶ ሃያ። ጋሽ ዘማርያም ቁልፉን ከአንገታቸው ማውለቅ ጀመሩ።

«ማን እንደሆነ እያወቃችሁ!» ናርዶስ ጮኸች። ዕንባዋ መጥቶ ነበር፤ እንዳይታይባት ተቆጣች። «ያወቁትን ማን ይፈራል? ይሄ ፍትሕ አይደለም፣ ፌዝ ነው።»

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ…» ብለው ጀመሩ ጋሽ በላይነህ ሊያጽናኗት።

«ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ! አዎ፣ እሷ ናት የምታንገበግበኝ።»

ተረቱን ጨርሳ ስለመለሰችላቸው ይግባኟ ተፈቀደላት። ዐም ፈድል ወደፊት በአንዱ ዓርብ፣ በናርዶስ ተራ፣ ሳይነግሩ ይመጣሉ፤ ሰባቱን ግን እንዲጠብቁ ታዘዘ።

በሚቀጥለው ዓርብ ናርዶስ ከፍጡሩ ጋር የተደረገውን እርቅ በአንድ ቃል አፈረሰችው። «ዋሱ ሞቷል» አለች፣ ጋሽ በላይነህን እያየች።  አሥራ ሰባት ነጭ ጠጠር ወጣ። እትዬ ምንዳዬ እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ አላወጣም አሉ። እነሆ ያን ጊዜ በሩ ስምንት ጊዜ ተደበደበ።

«ዐም ፈድል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዘማርያም፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ስምንት ነው የመታኸው! ደንቡ ሰባት ነው! ተመለስና ከመጀመሪያው ጀምር!»

 ከዚያ በሩ ተከፈተ። አንድ መኮንንና ሦስት ፖሊሶች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ዐም ፈድል እጃቸውን ያፍተለትላሉ።

«ቁጥሩን ማን ነው የሚያርመው?» አለ መኮንኑ በዐረብኛ።

ሁለት መቶ ሃያ። ጋሽ በላይነህ ለ«ጠጠር» መዘገቡ፤ ግዴታቸውን ሳይፈጽሙ አልታፈሱም። ጋሽ ዘማርያም መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እንዳሰሩ፣ የአየር ቱቦውን እየጎተቱ ዳፋር የሚባለው የጭነት መኪና ላይ ወጡ። ማዚን የአገሩ ዜጋ ስለሆነ «አንተ ውረድ» ቢባል፣ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች መገኘት አለባቸው ብሎ ተሳፈረ። ደንብ የሚያከብር ልጅ ነው።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማዚን ደውሎላት ወላእ ከየቤቱ ኢቃማቸውን ለቅማ እስክታመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ናርዶስ ፈርታለች፤ ኢቃማዋ ቤቷ እህል ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ሥር ነው፤ ወላእ ታገኘው ይሆን? እጇ ሥራ ሲያጣ ከመሬት ጠጠር መልቀም ጀመረ። አሥራ ሁለት ጠጠር አገኘች፤ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ነጭ ያን ያህል ነበር። በጥቁሩ ፋንታ የከሰል ስባሪ ጨመረችና በፌስታል አድርጋ አንቀጫቀጨችው።

«እትዬ ምንዳዬ፣ ያውጡ እንጂ። ተራው የእርስዎ ነበር።»

ከወንበሩም ከቁልፉም ርቃ፣ መሬት ላይ ሆና ተረከች። ዐረብኛም አማርኛም እየቀላቀለች ተረከች። ጋሽ ዘማርያም ለማስታረቅ አፋቸውን ከፍተው ረሱት። ፖሊሶቹ «ጀናቡ ኦመር» የሚሉት መኮንን «ዝም በሉ!» ሊል መጥቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። «ከዚያስ?» አለ። እጁንም ወደ ፌስታሉ ከተተ። ከሰሉ ወጣለት።

«ኦመር…» አለች ናርዶስ በወፍጮው ድምፅ። «ኦመር…»

ወላእ ወረቀቶቹን ይዛ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ኢቃማዎቹ ታዩ፤ «ኸላስ፣ ሂዱ» ተባለ። መኮንኑ ከሰሉን እንደያዘ በር ድረስ ተከተላት። «ቆይ፣ ድንጋዩ ሥር ያለው ማን ነው?»

«እሱ ዓርብ ነው የሚነገረው፣ ጀናቡ» አለችው። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ተንኮለኛ ናት።

በር ላይ ጋሽ ዘማርያም ቁልፉን አወጡ። ሁለት መቶ ሃያ ለመቶ ዘጠና። ናርዶስ አንገቷን አሰገገች። ክሩ ፀጉሯን ነካ፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ ሄደ።

«ግን…» አሉ ጋሽ ዘማርያም።

«ግን ምን?»

«ፖሊስ የመጣው ባንቺ ተራ ብቻ ነው። ማዚንስ? እሱስ የሰው ልጅ አይደለም እንዴ?» ይህን ብለው ወደ ግቢው ተመለሱ፤ ከመኮንኑም ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጀናቡ፣ ለፍትሕ ሲባል፣ የሚቀጥለው ዓርብ በዚያው ሰዓት ደግማችሁ ብታፍሱን?»

መኮንኑ ከሰሉን በመዳፉ አገላበጠ። «ኢንሻላህ» አለ።

ካርቱም ውስጥ «ኢንሻላህ» ያለ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አያውቅም። ኮሚቴው ግን በእምነት ጠበቀ።

ዓርብ ደረሰ። ናርዶስ አዳራሹ አልገባችም። ከረጢቷን ይዛ ሕንፃው ጣራ ላይ ወጣች፤ ዐም ፈድል ከውሃው በርሚል ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተውላታል፤ ወጣቶቹም አንድ በአንድ እየተሳቡ መጡ። ከታች አዳራሹ ውስጥ ማዚን ገጽ ይገልጣል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ለመታፈስ ተዘጋጅተው፣ ኢቃማቸውን ለፍትሕ ሲሉ ቤታቸው ትተው ተቀምጠዋል።

በሩ ተንኳኳ፤ ሰባት ጊዜ፣ በጡጫ።

ሁለት መቶ አርባ! ጋሽ በላይነህ ከጠረጴዛው ሥር ሆነው በእልልታ መዘገቡ። «ማዚን አሸነፈ!» አሉ ጋሽ ዘማርያም፤ በሩ ሳይከፈት ቁልፉን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ነገሩ በማኅበሩ ማኅተም ጸና።

ማዚን በሩን ከፈተ። ጀናቡ ኦመር ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ብቻውን ቆሟል፤ መኪና የለም፣ ፖሊስ የለም። ዓይኑ ደም መስሏል፤ መዳፉ ላይ የከሰል ስባሪ አለ።

«ያቺ ልጅ የት ናት?» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም። ድንጋዩ ሥር ያለው ማን ነው?»

«ጣራ ላይ ናት» አለ ማዚን። ትንሽ አሰበና ወፍራሙን መጽሐፍ ወንበሩ ላይ አኖረው። «ወላሂ እኔም አልተኛሁም» አለ፤ ተከትሎትም ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤውን ሊፈርሙ ወደ ኋላ ቀሩ። ማዚን ደንብ የሚያከብር ልጅ ነው፤ አንቀጽ አንድን አስታወሰ። ከውጭ ቆለፈ።

ጣራው ላይ ሁለት ጠጠር ቀርቷል። ናርዶስ በመዝገብ የተሸነፈች ተራኪ ናት፤ ወንበር የላትም፣ ቁልፍ የላትም፤ ፖሊሱ ግን ከማዚን ክንድ ጋር ተጣብቆ ትንፋሹን ይዟል። ያን ጊዜ ከታች የአዳራሹ በር ይደበደብ ጀመር፤ ከውስጥ ወደ ውጭ። ኦመር ደንግጦ ሊነሳ ሲል ናርዶስ በእጇ ያዘችው።

«ዐም ፈድል፣ ይቁጠሩ እስቲ።»

ዐም ፈድል በጣታቸው ቆጠሩ። ድምፁ ቆመ።

«ስድስት» አሉ።

«ደንቡ ስንት ነው?»

«ሰባት።»

ናርዶስ ከረጢቱን ወደ ጀናቡ አቀረበች። «እንግዲያው ተሳስተዋል። ተመልሰው ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»